የሞተውን ባቡር የምትጎትት ትንሽ ሎኮሞቲቭ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ እንፋሎት ባቡር ነው። የምናወራው ግን አገር አቋርጦ ስለሚሄደው ፈጣን ባቡር አይደለም። ከጥገና ግቢ አጥር እምብዛም ስለማትወጣው፣ መንገደኛ ስለማታሳፍረው፣ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ስሟ ስለማይጻፈው ትንሽ ሎኮሞቲቭ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ በዝግጅቱ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ትልቅ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሥራ ላይ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሎኮሞቲቭ እርዳታ አይፈልግም። ሃያ ሠላሳ ፉርጎ አስከትሎ ዳገት ይወጣል። ለከባድ ጥገና ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የምድጃው እሳት ወደ አመድ ጉድጓድ ይራገፋል፣ እንፋሎቱ ይለቀቃል፣ ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይፈሳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከመቶ ቶን በላይ የሚመዝነው ማሽን በራሱ ኃይል አንዲት ክንድ እንኳ አይራመድም። የባቡር ሠራተኞች በዚህ ሁኔታ ላይ ያለውን ሎኮሞቲቭ «የሞተ» ይሉታል።

ታዲያ የሞተው ሎኮሞቲቭ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይጠገንም። መጀመሪያ ወደ ማጠቢያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው አዳራሽ፣ ቀጥሎ ወደ መገጣጠሚያው፣ በመጨረሻም ወደ ቀለም ቤትና ወደ መሞከሪያው ሀዲድ ይዛወራል። ጎማዎቹ ለብቻ ወደ ቶርኖ ቤት፣ ቦይለሩ ለብቻ ወደ ብረት ሠሪዎቹ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው ማነው? መልሱ የዛሬዋ ባለታሪካችን ናት። በዚህ ዝግጅት «የግቢ ጎታች» እያልን እንጠራታለን።

የጥገናው ሥራ ምን ያህል ብዙ እንደነበር ለመረዳት አንድ ሕግ ማየት ይበቃል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1911 የሎኮሞቲቭ ቦይለሮች በመንግሥት መርማሪዎች ቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ቦይለር ሲፈነዳ ነጂውንና ከሰል ማጋጁን ይዞ ይሄዳል። ሕጉን ተከትለው የወጡት ደንቦች እያንዳንዱ በሥራ ላይ ያለ ቦይለር ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ውሃው ወጥቶ ውስጡ እንዲታጠብ ያዝዙ ነበር። ውሃ ሲፈላ የሚተወው ደለልና ነጭ ቅርፊት ብረቱ ላይ ከተጋገረ ሙቀቱ ወደ ውሃው አያልፍም፤ ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ ይዳከማል። ወርሃዊው እጥበት በየአካባቢው ባሉ ትናንሽ ጥገና ቤቶች ይሠራ ነበር። ሎኮሞቲቩን እስከ መጨረሻው ብሎን የሚፈታው ከባድ ጥገና ግን ለዋናው ወርክሾፕ የተተወ ነበር።

ከእነዚህ ዋና ወርክሾፖች መካከል በስፋቱ ስሙ የገነነው በፔንሲልቬንያ ግዛት የሚገኘው የአልቱና ወርክሾፕ ነው። አልቱናን የቆረቆረው የፔንሲልቬንያ ምድር ባቡር ኩባንያ ራሱ ሲሆን፣ ጊዜውም 1849 ነበር። ቦታው የተመረጠው በአሌጌኒ ተራሮች ግርጌ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ይጀምራል፤ ተጨማሪ ሎኮሞቲቮች እዚያ መቀመጥ፣ የደከሙትም እዚያው መጠገን ነበረባቸው። በ1920ዎቹ በአልቱና የባቡር ሥራዎች ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች ይሠሩ ነበር። ወርክሾፑ መጠገን ብቻ ሳይሆን ከ1866 እስከ 1946 ባሉት ዓመታት ከ6,000 በላይ አዳዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ሠርቶ አውጥቷል።

(አጭር የሙዚቃ ሽግግር)

አሁን በእንዲህ ያለ የአሜሪካ ወርክሾፕ ግቢ ውስጥ፣ በእንፋሎት ዘመን፣ አንድ የሞተ ሎኮሞቲቭ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ቀረብ ብለን እንመልከት።

የግቢ ጎታቿ ከሎኮሞቲቩ ጋር ከመጋጠሟ በፊት ሠራተኞቹ የሚያዩት አንድ ነገር አለ፤ ሰማያዊ ባንዲራ። ሰማያዊ ባንዲራ የተሰቀለበት ሎኮሞቲቭ ወይም ፉርጎ ሥር ሰው አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ማንም አይነካውም፣ ማንም አይጋጠመውም። ባንዲራውን የሚያወርደው የሰቀለው የሥራ ክፍል ብቻ ነው። አለቃ ቢመጣ፣ ሥራ ቢቸኩል፣ ደንቡ አይለወጥም። ሌሊት ከሆነ በባንዲራው ፈንታ ሰማያዊ መብራት ይቆማል።

ባንዲራው ሲወርድ ቀጣዩ ጥያቄ ፍሬን ነው። የሎኮሞቲቩ ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ወይም በእንፋሎት ነው፤ ሎኮሞቲቩ ከሞተ ሁለቱም የሉም። የእጅ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከኋላ በሚከተለው፣ ከሰልና ውሃ በሚጫንበት ተንደር ላይ ነው። ተንደሩ ለጥገና ሲነጠል ዋናው አካል ያለ ምንም ማቆሚያ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ የእንጨት ታኮ ይዞ ከጎኑ በእግሩ ይከተላል። ጉዞው ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ትንሽ ተዳፋት ላይ እንኳ 140 ቶን ብረት አንዴ ከተንከባለለ የሚያስቆመው የአዳራሹ ግድግዳ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ይዞ የሚገባው እንፋሎቱ ነበር። እንፋሎት በሌለበት ጎማው ከተሽከረከረ ፒስተኑ በደረቁ እየተፋተገ ሲሊንደሩን ይልጠዋል። ስለዚህ ለአጭር ርቀት ከሆነ ዘይት በእጅ ይጨመራል፤ ረጅም መንገድ የሚጎተት ከሆነ ደግሞ ፒስተኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ትልቁ ዘንግ ቀድሞ ይፈታል።

ከዚያ በኋላ ጎታቿ ትቀርባለች። መጋጠሚያዎቹ ተገናኝተው ይቆለፋሉ፤ መሬት ላይ ያለው ሰው እጁን ያወዛውዛል፤ ነጂው እንፋሎቱን ቀስ ብሎ ይለቃል። ብዙ ወርክሾፖች ውስጥ ሎኮሞቲቮቹ የሚገቡበት አዳራሽ ጎን ለጎን የተደረደሩ ብዙ አጫጭር ሀዲዶች አሉት። ወደ እያንዳንዳቸው ኩርባ ሀዲድ መዘርጋት ቦታ ስለሚበላ፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ወደ ጎን የሚንሸራተት ሰፊ መድረክ ይሠራል። ጎታቿ የሞተውን ሎኮሞቲቭ መድረኩ ላይ ገፍታ ታሳርፈዋለች፤ መድረኩ በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ጎን ሄዶ ባዶውን ሀዲድ ሲያገኝ ይቆማል። የራሷ ክብደት መድረኩ ላይ እንዳይጨመር፣ ጭሷም አዳራሽ ውስጥ እንዳይገባ ሲፈለግ በሁለቱ መካከል ባዶ ጠፍጣፋ ፉርጎ ይገባል። በዚያ ርዝመት እሷ ውጭ ቆማ ሎኮሞቲቩን ወደ ውስጥ ትገፋዋለች።

የሚነዳት ሰውም ቢሆን ከሌሎቹ ነጂዎች የተለየ ነበር። በአሜሪካ የጥገና ግቢዎች ውስጥ ሎኮሞቲቮችን የሚያንቀሳቅሱት ብዙውን ጊዜ በግቢው ወሰን ውስጥ ብቻ እንዲነዱ የተፈቀደላቸው ሠራተኞች ነበሩ። ወደ ዋናው ሀዲድ መውጣት አይችሉም። ሆኖም በጠባብ ቦታ፣ በጣት በሚቆጠር ርቀት አስጠግቶ ማቆም ላይ የሚወዳደራቸው አልነበረም። የአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች እንዲህ ያለችውን ሎኮሞቲቭ በቀልድ «ፍየል» ብለው ይጠሯት ነበር።

(አጭር የሙዚቃ ሽግግር)

አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ትንሽ ሎኮሞቲቭ እጥፍ የሚያህላትን እንዴት ትጎትታለች? ለዚህ ሁለት የአልቱና ሎኮሞቲቮችን እናነጻጽር።

የመጀመሪያው ኬ4ኤስ የሚባለው የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ ነው። በ1914 ብቅ ያለ፣ የኩባንያው ኩራት የነበረ ፈጣን ሎኮሞቲቭ ነው። ተንደሩን ሳይጨምር ወደ 140 ቶን ይመዝናል። አንቀሳቃሽ ጎማዎቹ ዲያሜትራቸው ከ2 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ሰው እንኳ ከጎማው በታች ነው። ሁለተኛዋ ቢ6ኤስቢ የምትባለው የኩባንያው መደበኛ የግቢ ሎኮሞቲቭ ናት። ክብደቷ 82 ቶን ገደማ፣ የጎማዋ ዲያሜትር ደግሞ 142 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለቱም ቦይለር ውስጥ ያለው የእንፋሎት ግፊት እኩል ነው።

አሁን የመጎተት ኃይላቸውን እንይ። የኬ4ኤስ 20 ቶን ገደማ ነው፤ የቢ6ኤስቢ ከ16 ቶን በላይ። በክብደት ከግማሽ ብዙም የማትበልጠው ሎኮሞቲቭ ከግዙፉ የመጎተት ኃይል አራት አምስተኛውን ይዛለች ማለት ነው።

ምስጢሩ ሁለት ነው። አንደኛው የጎማው ትንሽነት ነው። ፒስተኑ አንዴ ወዲህና ወዲያ ሲል ጎማው አንድ ዙር ይዞራል። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ከ6 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ትንሹ ግን ከ4 ሜትር ተኩል አያልፍም። ያው የፒስተን ግፊት በአጭር ርቀት ሲያርፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል። ለመንገደኛ ባቡር ፍጥነት ይሻላል፤ ለጥገና ግቢ ደግሞ ጉልበት።

ሁለተኛው የክብደት አቀማመጥ ነው። በፍጥነት የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ኩርባ ላይ ከሀዲድ እንዳይወጣ ከፊት መሪ ጎማዎች፣ ከኋላም ምድጃውን የሚደግፉ ጎማዎች ያስፈልጉታል። እነዚህ ጎማዎች ክብደት ይሸከማሉ እንጂ አይጎትቱም። የኬ4ኤስ ክብደት አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚያርፈው በእንደነዚህ ያሉ ጎማዎች ላይ ነው። የግቢ ጎታቿ ግን በዝግታ ስለምትሄድ መሪ ጎማ አያስፈልጋትም። አራት፣ ስድስት ወይም ስምንት ጎማ ብቻ አላት፣ ሁሉም ይጎትታሉ፣ ክብደቷም በሙሉ እነሱ ላይ ነው። የብረት ጎማ በደረቅ ሀዲድ ላይ ሳይንሸራተት መጎተት የሚችለው በላዩ ላይ ካረፈው ክብደት ሩብ በሚያህል ኃይል ነው ተብሎ ይገመታል። በዚህ ስሌት 82 ቶኗ ሎኮሞቲቭ እስከ 20 ቶን በሚደርስ ኃይል ብትጎትት ጎማዋ አይንሸራተትም። ሀዲዱ ዝናብ ወይም ዘይት ከነካው ደግሞ ከጎማው ፊት አሸዋ የምታፈስበት ቱቦ አላት።

ጎማዎቿ ተቀራርበው መቀመጣቸው ሌላ ጥቅም ሰጥቷታል። የወርክሾፕ ግቢ በሕንፃ የታጨቀ ስለሆነ ሀዲዱ በጠባብ ኩርባ ይጠማዘዛል። ረጅም ሎኮሞቲቭ እዚያ ቢገባ ሀዲዱን ይገፋዋል፣ አለዚያም ራሱ ይወርዳል። አጭሯ ግን ጥግ ለጥግ ታልፋለች። የአሜሪካ የግቢ ጎታቾች ተንደርም ከኋላ በኩል ተዳፋት ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ነጂው ወደ ኋላ ሲነዳ ሀዲዱን እንዲያይ ነው። ከፊትና ከኋላ ደግሞ ሠራተኛው ቆሞ የሚሄድበት መረገጫ ሳንቃ ነበራቸው። የእንግሊዝ መሐንዲሶች በብዙ ጎታቾቻቸው ላይ ተንደሩን ጭራሽ አስቀርተው ውሃውን በቦይለሩ ላይ ወይም ጎንና ጎን በተገጠመ ታንክ ይይዙ ነበር። በዚህ አሠራር የውሃው ክብደትም ጎማውን በመጫን ለመጎተቱ ያግዛል።

(አጭር የሙዚቃ ሽግግር)

እንግሊዝን ካነሳን አይቀር በማንቸስተር አቅራቢያ የሆርዊች ወርክሾፕን እንጎብኝ። ይህን ወርክሾፕ በ1880ዎቹ የገነባው የላንካሻየርና ዮርክሻየር ምድር ባቡር ነው። በግቢው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሀዲድ ነበር፤ አንደኛው የተለመደው ሰፊ ሀዲድ፣ ሁለተኛው ስፋቱ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ሀዲድ። ይኸኛው በየአዳራሹ በር እየገባ፣ በማሽኖች መካከል እየተሽሎከለከለ በድምሩ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ሥራው ዕቃ ማመላለስ ነው፤ ትኩስ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ዘንግ፣ የፍሬን ሸክላ።

በዚህ ትንሽ ሀዲድ ላይ ስምንት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሠርተዋል። ከመካከላቸው «ሬን» የተባለችው በ1887 በማንቸስተር የቤየር ፒኮክ ፋብሪካ ተሠራች። ጎማዎቿ ከሰው ጉልበት አይደርሱም። ነጂው የሚገባበት ክፍል የላትም፤ ከኋላ ጫፏ ላይ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ይነዳታል። ይህች ሎኮሞቲቭ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን፣ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶችና የባቡሮቹን ወደ መንግሥት መዛወር አልፋ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሥራ ላይ ቆይታለች። ዛሬ በብሪታንያ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ትገኛለች። ሐሳቡ ግን በሆርዊች አልተጀመረም። በእንግሊዝ የክሩ ወርክሾፕ መሐንዲሱ ጆን ራምስቦተም ተመሳሳይ ትንሽ ሀዲድ ዘርግቶ በ1862 «ታይኒ» የተባለች ሎኮሞቲቭ አሠርቶበት ነበር።

በሆርዊች ሰፊ ሀዲድ ላይ ይሠሩ የነበሩት ጎታቾች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ለጭነት ባቡር የተሠሩ ሎኮሞቲቮች ነበሩ። አዳዲሶቹ ሲመጡ ከሥራ መውጣት ሲገባቸው፣ ዋና መሐንዲሱ ጆን አስፒናል ተንደራቸውን አስነቅሎ በቦይለራቸው ላይ «ኮርቻ ታንክ» የሚባለውን የውሃ ማጠራቀሚያ አስገጠመላቸው። ከ200 በላይ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ወደ ጎታችነት ተለወጡ። ጥቂቶቹ በሆርዊች ግቢ ውስጥ እስከ 1964 ሠርተዋል። ሲሠሩ ያያቸው ተለማማጅ በአያቱ ዕድሜ የተሠራ ማሽን ነበር የሚያየው።

በምሥራቅ ለንደን የስትራትፎርድ ወርክሾፕ ደግሞ ጎታቿና ክሬኑ አንድ ሆኑ። በ1868 የተሠሩ ሦስት ሎኮሞቲቮች በ1890ዎቹ ክሬን ተገጠመላቸው። ከዚያ በኋላ ከአንዱ አዳራሽ ከባድ ዕቃ ያነሳሉ፣ ተሸክመው ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ እዚያው ያወርዳሉ። ሌላ የማንሻ መሣሪያ መጠበቅ ቀረ። ቁጥር ሳይሆን ፊደል ነበር የተሰጣቸው፤ ቢ፣ ሲ እና ዲ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሠርተዋል።

በደቡብ እንግሊዝ የብራይተን ወርክሾፕም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ዊልያም ስትራውድሊ የተባለው መሐንዲስ ከ1872 እስከ 1880 ለለንደን አካባቢ የመንገደኛ አገልግሎት 50 ትናንሽ ሎኮሞቲቮች ሠርቶ ነበር። ክብደታቸው 28 ቶን ገደማ ነው። ባቡሮቹ እየከበዱ ሲመጡ እነዚህ ከመንገደኛ አገልግሎት ወጡ፤ ከፊሎቹ ተሸጡ፣ ከፊሎቹ ፈርሰው ለብረት ዋጋ ሄዱ፣ ጥቂቶቹ ወደ ወርክሾፕ ግቢ ገቡ። ከነዚህ አንዷ «ቦክስሂል» በብራይተን ወርክሾፕ ስታገለግል ቆይታ በብሔራዊው ስብስብ ውስጥ ተቀመጠች። ሌላዋ «ዋደን» በላንሲንግ የፉርጎዎች ወርክሾፕ ከ1937 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሠርታ በ1960ዎቹ ወደ ካናዳ ተሻገረች፤ ዛሬ በሞንትሪያል አቅራቢያ በሚገኝ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የወርክሾፕ ኃላፊዎች አዲስ ሎኮሞቲቭ ለግቢ ሥራ አያባክኑም፤ ለመንገድ የማትሆን፣ ዋጋዋ ከመዝገብ ያለቀ አሮጌ ይመርጣሉ። አሮጌዋ ብትበላሽ ደግሞ ሐኪሟ ከደጇ ነው፤ መለዋወጫውም፣ ቶርኖውም፣ ባለሙያውም እዚያው አለ። በዝግታ ስለምትሠራ ብዙ አትጎዳም። በዋናው ሀዲድ ላይ እኩዮቿ እየፈረሱ ሲያልቁ እሷ አጥር ውስጥ ቀርታ ዘመን ትሻገራለች። በኋላ የታሪክ ቅርስ ፈላጊዎች ሲመጡ የሚያገኙት እሷን ነው። ዛሬ በሙዚየም የምናያቸው አንዳንድ ዕድሜ ጠገብ ሎኮሞቲቮች የዳኑት ታላቅ ስለነበሩ ሳይሆን ለግቢ ሥራ ስለተፈለጉ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ሽግግር)

የግቢ ጎታቿ አንድ ትልቅ ድክመት ነበራት። አብዛኛውን ሰዓት የምታሳልፈው ቆማ በመጠበቅ ነው፤ ስትጠብቅም እሳቷ ይነዳል። ቀዝቃዛ ቦይለር ለማፍላት ሰዓታት ስለሚፈጅ፣ ቸኩሎ ማሞቅም ብረቱን ስለሚያጣምም፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሰል እየተማገደላት ታድራለች። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ጭሷም የሠራተኛውን ዓይንና ሳንባ ይፈትናል።

ለዚህ አንዱ መፍትሔ እሳት አልባ ሎኮሞቲቭ ነው። ይህች ሎኮሞቲቭ ምድጃም ጭስ ማውጫም የላትም። በቦይለሩ ፈንታ በሙቀት መከላከያ የተሸፈነ፣ እንደ ሻይ ፔርሙዝ የሚያገለግል ትልቅ በርሜል ተሸክማለች። በርሜሉ አብዛኛው ውሃ ነው። ጠዋት ወደ ወርክሾፑ የእንፋሎት ማመንጫ ጠጋ ትልና በወፍራም ቱቦ ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ይሞላባታል። ውሃው በግፊት ሥር ሆኖ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እጅግ በላይ ይግላል፤ ግፊቱ ግን እንዳይፈላ ይይዘዋል። ነጂው ቫልቩን ሲከፍት ግፊቱ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ውሃው ራሱ እየፈላ አዲስ እንፋሎት ይሰጣል። እንዲህ እያለች ለሰዓታት ትሠራለች፤ ሲደክማት ተመልሳ ትሞላለች። ብልጭታ የለም፣ አመድ የለም፣ ከሰል ማጋጅም አያስፈልግም።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመካከለኛው ጀርመን የማይኒንገን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ወርክሾፕ በ1914 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ የሙዚየምና የቱሪስት ባቡሮችን ይጠግናል። እዚያ የሞቱትን ሎኮሞቲቮች ከአዳራሽ አዳራሽ የምታመላልሰው እሳት አልባ ጎታች ናት። ወርክሾፑ በ1980ዎቹ እንዲህ ያሉ ሎኮሞቲቮችን ለምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካዎች ይሠራ ነበር። በ2008 በእንግሊዝ ተሠርታ ያለቀችው አዲሷ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ «ቶርኔዶ» እንኳ ቦይለሯ የተሠራው በማይኒንገን ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ዲዝል ነበር፤ ይህኛው አሸነፈ። በ1925 የኒው ጀርሲ ሴንትራል ምድር ባቡር 1000 ቁጥር የተሰጣትን ዲዝል ኤሌክትሪክ ጎታች በኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሥራ አስጀመረ። ኃይሏ 300 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ሲያልቅ ትጠፋለች፣ ሲፈለግ ትነሳለች። ከተማው ውስጥ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጭስን የሚከለክል ሕግ ስለወጣ ኩባንያው ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ከ30 ዓመት በላይ ከሠራች በኋላ አሁን በባልቲሞር ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ዲዝል ፈጣኑን የመንገደኛ ባቡር ከመውሰዱ በፊት የነጠቀው የግቢ ጎታቿን ሥራ ነበር።

ያም ሆኖ በእንፋሎት የጸኑ አልጠፉም። የኖርፎክና ዌስተርን ምድር ባቡር ዋና ጭነቱ የድንጋይ ከሰል ስለነበር ነዳጁ ከእጁ ነበር። በቨርጂኒያ ግዛት ሮአኖክ ከተማ ባለው የራሱ ወርክሾፕ ከ1951 እስከ 1953 ድረስ ስምንት ጎማ ያላቸው 45 የግቢ ጎታቾችን ሠራ። የመጨረሻዋ 244 ቁጥር በታኅሣሥ ወር 1953 ወጣች። አንድ የአሜሪካ ዋና የባቡር ኩባንያ ለራሱ አገልግሎት ያሠራት የመጨረሻዋ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እሷ ናት። የአሜሪካ ዋና የባቡር ኩባንያዎች ለራሳቸው ያካሄዱት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ግንባታ የተደመደመው በፈጣን የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ አልነበረም፤ በግቢ ጎታች ነው። ኩባንያው እንፋሎትን ሙሉ በሙሉ የተወው በ1960 ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ የአልቱናን መንገድ የምትመስል ከተማ አለችን፤ ድሬዳዋ። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው። መሥመሩ ወደ ሐረር ተራራ እንዲወጣ አልተደረገም፤ ዳገቱ ከባድ ነበርና ከግርጌው ከተማ ተቆረቆረ። ከዚራ የሚባለው ሰፈር በባቡር ኩባንያው ፕላን ቀጥ ባሉ መንገዶች ተሠራ፤ የምድር ባቡሩ ዋና ወርክሾፕም እዚያው ድሬዳዋ ሆነ። በ1917 ሀዲዱ አዲስ አበባ ሲገባ የመሥመሩ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ሁሉ መሥመር ላይ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ከባድ ሕመም ሲያገኘው የሚላከው ወደ ድሬዳዋ ነበር። የእንፋሎቱ ዘመን አልፎ ዲዝል ሲመጣም የቶርኖ፣ የብየዳና የመካኒክ ሙያ በዚያው ግቢ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል።

(የመውጫው ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይጀምራል)

ተማሪ አድማጮቻችን፣ እንደተለመደው ለዛሬም አንድ ጥያቄ አለን፤ ደብተርና እርሳስ ያዙ። አንዲት የግቢ ጎታች ክብደቷ 60 ቶን ነው፤ ክብደቷ በሙሉ በአንቀሳቃሽ ጎማዎቿ ላይ ያርፋል። በዝግጅታችን በሰማችሁት የሩብ ስሌት መሠረት ጎማዋ ሳይንሸራተት እስከ ስንት ቶን በሚደርስ ኃይል መጎተት ትችላለች? ቀጥሎ ደግሞ ያችው ሎኮሞቲቭ መሪ ጎማ ተገጥሞላት ከክብደቷ አንድ ሦስተኛው በእሱ ላይ ቢያርፍ መልሱ ወደ ስንት ይወርዳል? ሁለቱን መልሶች ከነአሠራራቸው ጻፉና ከመምህሮቻችሁ ጋር ተወያዩበት። ትክክለኛውን መልስ በሚቀጥለው ዝግጅታችን መጀመሪያ ላይ እንነግራችኋለን።